ማም፣ መኪናውን ያቁሙ

ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ ዓመት ከትምህርቱ ይልቅ አብልጬ የማስታውሰው እንቅልፉን ነው። አውቶብስ ላይ እተኛለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ እተኛለሁ፤ እሑድ ቅዳሴ ላይ እናቴ በክርኗ እየጎሸመችኝ ቆሜ እተኛለሁ። እሷም ከእኔ አትሻልም ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ እየተላለፍን ነበር የምንኖረው። እሷ ከአረጋውያን መጦሪያው ዳብል ሽፍት ሠርታ ስትገባ እኔ ደብተር ላይ ነኝ፤ እኔ ስነሣ እሷ ወጥታለች።

ትምህርት ቤቴን ለሰው ማስረዳት እስከ ዛሬ ይቸግረኛል። «አሜሪካ መጥተሽ ህንድ ትምህርት ቤት ተማርሽ?» ይሉኛል። አዎ፣ ተማርኩ። በኪራይ ሕንፃ ውስጥ ያለች ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ነበረች፤ የምታስተምረውም በህንድ ሥርዓተ ትምህርት ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች ወላጆቻቸው ለጥቂት ዓመት ሥራ የመጡ፣ ተመልሰው የሚሄዱ ልጆች ናቸው። አገራቸው ሲገቡ ከእኩዮቻቸው ወደኋላ እንዳይቀሩ ነው እዚያ የሚማሩት። እኔ ግን የትም የምመለስ አልነበርኩም። እናቴ አብራት ከምትሠራ የኬራላ ሴት ስለ ትምህርት ቤቱ ሰማች፤ በዚያው ሳምንት አስመዘገበችኝ።

«እኔን ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ያስተማሩኝ ህንዳዊ ነበሩ» አለችኝ። «ክፍል ሲገቡ የዝንብ ክንፍ ይሰማል። እንደዚያ ያለ ትምህርት ቤት እዚህ ማግኘት ዕድል ነው፣ ልጄ።»

እውነትም የዝንብ ክንፍ ይሰማ ነበር። ጠዋት ተሰልፈን ጸሎት እናደርሳለን፤ አንድ ተማሪ ወጥቶ የዕለቱን ጥቅስ ያነባል፤ ከዚያ የክራባትና የጥፍር ቁጥጥር አለ። መምህር ሲገባ ብድግ ብለን «ጉድ ሞርኒንግ፣ ማም» እንላለን፤ ተቀመጡ እስክንባል አንቀመጥም። በህንድ ወንዞች ስም በተሰየሙ ቡድኖች ተከፍለን በሩጫ፣ በክርክር፣ በጭፈራ፣ በሥዕል፣ በማይሆነውም ሁሉ እንወዳደራለን። ትምህርት ሲያልቅ ደግሞ ገና ቀኑ ይጀምራል። የሳይንስ ኤግዚቢሽን ዝግጅት፣ የወላጆች በዓል ልምምድ፣ የጥያቄና መልስ ክበብ አለ። ከሁሉም በስተጀርባ የቦርድ ፈተና የሚሉት የህንዱ አገር አቀፍ ፈተና ቆሟል።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ሱጃታ ማም ነበሩ። ስድሳን የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ሳሪያቸው ላይ ወፍራም ጃኬት ደርበው ስኒከር የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ባዮሎጂ ያስተምራሉ፤ መምህር ስላነሰ ሂንዲም ያስተምራሉ፤ ክበቦቹንም ይመራሉ። ባላቸው ሞተዋል፣ አንድ ልጃቸው ህንድ ነው፣ እሳቸው ጀርመንታውን ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁላችንም ከመድረሳችን በፊት ይገባሉ፤ ሁላችንም ከሄድን በኋላ ይወጣሉ። ፈገግ ሲሉ ያየ ተማሪ አልነበረም።

ሂንዲ ለእኔ ሁለተኛ ቋንቋ ሆኖ ደረሰኝ። ፊደሉ አላስቸገረኝም፤ እንደ እኛው አናባቢው ከፊደሉ ጋር ተጣብቆ ነው የሚጻፈው። ምላሴ ግን አልታዘዝ አለኝ። «ቲክ» የምትል ቃል አለች፤ ደህና ማለት ናት። «ቲ»ዋ ከትንፋሽ ጋር ነው የምትወጣው። እኔ ደግሞ «ጢክ» እላለሁ።

«ቤዛ! ትንፋሽ ነው ያልኩሽ፤ ፍንዳታ አይደለም!» ይላሉ ሱጃታ ማም። ክፍሉ ይስቃል።

በዚያ ዓመት ለሳይንስ ኤግዚቢሽኑ የደረሰኝ ርዕስ ስትሮክ ነበር። አንጎሉን ከሸክላ ጭቃ ሠርቼ አመጣሁላቸው፤ አላማራቸውም፤ አፍርሰው ደጋግመው አሠሩኝ። ማብራሪያውን ደግሞ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ አስያዙኝ። ሰውየውን ፈገግ አሰኙት፤ ፊት ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር ጊዜ አትስጡ፤ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓትም አስታውሱ። ለወላጆች ሁሉ እንደ ካሴት ለቀቅሁላቸው። አንዱንም ቃል ልብ ብዬው አልነበረም፤ እኔ የማስበው መቼ አልቆ እንደምተኛ ነው።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ቀን ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ የጥያቄና መልስ ውድድር ነበረን። ቡድኑ ሁለት ሰው ነው፤ እኔና አርጁን። አርጁን ከክፍላችን አንደኛ የሚወጣ፣ ሲናደድ ጆሮው የሚቀላ ልጅ ነው። አባቱ ሥራቸውን ጨርሰው በጸደይ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ስለነበር ያ ውድድር ለእሱ የመጨረሻው ነበር። ለሳምንታት ከሱ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ሱጃታ ማም በአሮጌዋ ቶዮታቸው ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ አነሡን። ስልኮቻችንን እንደ ልማዳቸው ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። አርጁን መጻሕፍቱን ዘርግቶ የኋላውን ወንበር ስለያዘው እኔ ፊት ተቀመጥኩ። ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት አውራ ጎዳና ውስጥ እንደገባን መጠየቅ ጀመሩ፤ የወንዝ ስም፣ የንጉሥ ስም፣ የንጥረ ነገር ምልክት። ኮሌጅ ፓርክን ስናልፍ አንዱን ስሳሳት «ቤዛ፣ አእምሮሽን ቤት ትተሽው መጣሽ?» አሉኝ። ደህና ነበሩ።

ከዚያ ትንሽ ቆይተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ አርጁን መለሰ። ያንኑ ጥያቄ መልሰው ጠየቁ።

«ማም፣ አሁን መለስኩት እኮ» አለ አርጁን።

«አውቃለሁ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ አንድ የሚጎተት ነገር ነበር። «ትላንት አልተኛሁም። ደክሞኝ ነው።»

እኔም አመንኳቸው። ድካም ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ? ራሴን መስታወቱ ላይ አስደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከኋላችን ረጅም ክላክስ ሲጮህ ብንን አልኩ። መኪናችን ወደ ቀኝ መስመር ግማሽ ገብታለች። ሱጃታ ማም መሪውን በግራ እጃቸው መለሱት። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቃለች፤ መዳፏ ወደ ላይ ተገልብጧል፣ የሰው ዕቃ ትመስላለች።

«መስኮቱን… ብሉት» አሉ።

አርጁን ከኋላ ሳቀ። «ምን አሉ?»

ዞር ብዬ አየኋቸው። እስከ ዛሬ ያ ፊት ከፊቴ አይጠፋም። ወደ እኔ ያለው ጎኑ እንደ ቀለጠ ሻማ ወርዷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ መምህርን አያዝም። ከመቀመጫችን የምንነሣው ተፈቅዶልን ነው፤ የምንናገረው እጃችንን አውጥተን ነው። ምን እንደሆነ እየገባኝ እንኳ አፌ አልከፈት አለኝ። እውነት ቢሆንስ? ባይሆንስ? በገዛ መምህሬ ፊት ሞኝ መባል ከሞት እኩል ያስፈራኝ ነበር። የወጣልኝም ያልጠበቅሁት ነገር ነው።

«ማም፣ እስቲ ፈገግ ይበሉልኝ።»

አርጁን ከኋላ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። ሱጃታ ማም ግን ዓይናቸውን ከመንገዱ ነቅለው አዩኝና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ያንን ፈገግታ ለዓመታት ማንም አላየውም ነበር፤ ሲመጣ በግማሽ መጣ። ግራው ተነሣ፣ ቀኙ ቀረ።

«ማም፣ መኪናውን ያቁሙ!»

«እን… እንዘገያለን…»

«ያቁሙ ብያለሁ!» ጮህኩባቸው።

«ቤዛ፣ አብደሻል እንዴ?» አለ አርጁን።

«ስትሮክ ነው! ስልኩን ከቦርሳው አውጣና ናይን ዋን ዋን ደውል!»

ለማቆም ፈለጉ፤ ገብቷቸዋል። እግራቸው ግን አልታዘዘም። ቀኝ እግራቸው ከቤንዚኑ ላይ ተንሸራቶ ፍሬኑን ይፈልጋል፣ አያገኘውም። ኦክሰን ሂል አካባቢ ነን፤ ወንዙን የሚሻገረው ትልቁ ድልድይ ከፊታችን ነው፤ ከባድ መኪኖች በግራና በቀኝ እየተንጓጉ ያልፋሉ። እኔ ለርነርስ ፐርሚት፣ የመለማመጃ መንጃ ፈቃድ፣ ካወጣሁ ገና ሳምንታት ነው። የነዳሁትም እናቴ የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ ሁለት ጊዜ ስታዞረኝ ብቻ ነው። ቀበቶዬን ፈትቼ መሪውን ያዝኩ። እሳቸውም በግራ እጃቸው ከእኔ ጋር ይዘዋል፤ ጣቶቻቸው ጣቶቼ ላይ በረዶ ነበሩ። አራቱንም ፍሬቻ አበራሁ። ማርሹን ኒውትራል ላይ አደረግሁና የእጅ ፍሬኑን ቀስ፣ ቀስ እያልኩ ሳብኩት። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ጎማው ጮኸ፣ የቀኝ ጎናችን ከመንገዱ ብረት ጋር እየተፋተገ ሄዶ ቆመ።

የአርጁን እስክሪብቶ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ሲሄድ ይሰማኛል።

የድንገተኛ ጥሪውን ስልክ ያነሣችው ሴት ድምፅዋ የረጋ ነበር። አርጁን እንግሊዝኛው ጠፍቶበት ስልኩን አቀበለኝ። የት እንዳለን ነገርኳት። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው ያየኋቸው መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ኮሌጅ ፓርክ ስናልፍ ይሰድቡኝ ነበር» አልኳት። ሌላ ማስረጃ አልመጣልኝም። እሷ አልሳቀችም፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አብረን ገመትን።

አምቡላንሱ እሳቸውን ወሰደ፤ አንድ ፖሊስ እኛን ሁለታችንን በመኪናው ይዞን ተከተለ። ሆስፒታሉ እንደደረስን ወደ ውስጥ ገፍተዋቸው ገቡ፤ እኛ መጠበቂያው ክፍል ብሌዘርና ክራባታችንን እንዳደረግን ተቀመጥን። ርዕሰ መምህሩ ስልክ ደውለው እየመጡ እንደሆነ፣ መንገዱ ግን እንደተዘጋጋ ነገሩን። የሱጃታ ማም ልጅ ተደውሎለታል፤ እሱ ያለው ግን የምድር ሌላ ጫፍ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት የደረሱት የአርጁን አባት ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ሲጠብቁን ቆይተው ነው የመጡት። ልጃቸውን አቅፈው ቆዩ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደግሜ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፣ አልነበሩም።

«ሁለተኛው ዙር ከምሳ በኋላ ነው» አሉ በለሆሳስ። «ለአዘጋጆቹ አስረድቻቸዋለሁ፤ እንዲያስገቧችሁ ተስማምተዋል። እዚህ ሆናችሁ የምትረዷቸው ነገር የለም። ማምም ቢሆኑ የሚፈልጉት ይህንን ነው።»

አርጁን አየኝ። ያለ እኔ መወዳደር አይችልም። ጆሮው ቀልቷል።

«አንተ ከፈለግህ እሄዳለሁ» አልኩት። ከልቤ ነበር። እሺ ቢለኝ እሄድለት ነበር።

ክራባቱን ፈታና ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። «አባባ፣ ማምን እዚህ ብቻቸውን ጥለናቸው የወንዝ ስም ልንመልስ ነው?» አላቸው። አባቱ ከማሽኑ ሦስት ሻይ ቀድተው መጡና አጠገባችን ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ ወጥታ «ቤተሰብ አለ?» አለች። የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት እንደተሰጣቸው፣ በጊዜ ስለመጡ መሰጠት እንደቻለ ነገረችን። አሁን ግን በጣም ይረበሻሉ፤ አንድ ድምፅ ይደጋግማሉ፤ ከአልጋው ሊወርዱ ይሞክራሉ፤ ማንም አልገባውም። የአርጁን አባት ስልክ ላይ ስለነበሩ እኔ ብድግ አልኩ።

ሱጃታ ማም ነጩ አልጋ ላይ ጠፍተው ነበር። ያለ ሳሪ አይቻቸው አላውቅም፤ የሆስፒታሉ ቀሚስ ትከሻቸው ላይ ሰፍቷቸዋል። ዓይናቸው ጣሪያውን ይፈልጋል። «በቼ… በቼ… በቼ…»

ነርሷ «ይኸው፣ ይህንኑ ነው» አለችኝ። «ድምፅ ብቻ ነው፤ ትርጉም የለውም።»

ትርጉም ነበረው። በሂንዲ ልጆች ማለት ነው። መኪናው ውስጥ የነበሩትን ሁለት ልጆች ነበር የሚጠይቁት። ገድያቸው ይሆን ብለው ይሆናል፤ መትረፋችንን ማን ነግሯቸው ያውቃሉ? እኔን ከጎናቸው አላዩኝም፤ ጭንቅላታቸው ወደ ሌላ ወገን ነው። እጃቸውን ያዝኩና ያለኝን ሂንዲ ሁሉ ሰብስቤ፦

«ሀም ጢክ ሄን፣ ማም» አልኳቸው። እኛ ደህና ነን ማለቴ ነው። «ጢክ ሄን። አርጁንም ጢክ ነው።»

ቀስ ብለው ዞሩ። አወቁኝ። ዓይናቸው ሞላ። ከዚያ የሚሠራው የከንፈራቸው ጎን መታገል ጀመረ። አንድ ነገር ሊሉ ይለፋሉ፤ አንገታቸው ላይ ሥሩ ተገተረ፤ ነርሷም ቀረብ አለች።

«ቲ…» አሉ። አየር ነው የወጣው። እንደገና ሞከሩ። «ቲ…ክ።»

አነጋገሬን እያረሙኝ ነበር።

ሳቅኩ። መሳቄን አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ሳቁ መቼ ለቅሶ እንደሆነ አላውቅም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍቼ ስንሰቀሰቅ ግራ እጃቸው ራሴ ላይ አርፋ ነበር።

ሲመሽ አካባቢ እናቴ ከነሥራ ልብሷ መጣች። «ሽፍቴን ለሰው ሰጥቼ መጣሁ፣ ቤዚዬ» አለች። ነገሩን ሁሉ ስነግራት አላቋረጠችኝም። የአርጁንን አባት አመሰገነቻቸው፤ አርጁንን ሳመችው፤ እሱም አፍሮ ቆመ። ከዚያ ገብታ ሱጃታ ማምን አየች። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ በመስታወቱ በኩል ግን ትራሳቸውን ስታስተካክል፣ የዛለችውን እጃቸውን አንሥታ ሌላ ትራስ ላይ ስታሳርፍ አይቻለሁ። ስትወጣ መሬት መሬት እያየች «ሰውነታቸው እንዴት ያለቀ ነው» አለች ብቻ።

ሱጃታ ማም ወደ ክፍል አልተመለሱም። መራመድ ቻሉ፤ ንግግራቸው ግን ቃል በቃል ነበር የሚመለሰው። ልጃቸው መጥቶ ይዟቸው እስኪሄድ ድረስ እኔና አርጁን በየሳምንቱ ማገገሚያ ማዕከሉ እየሄድን እንጎበኛቸው ነበር። እዚያ ነው የንግግር ሐኪሟን ያየኋት። ሥዕል ታሳያቸዋለች፣ ትጠብቃለች። አትቸኩልም፤ ቃሉን አትቀማቸውም። አንድ «ውሃ» ለማለት ሩብ ሰዓት ሲፈጁ አጠገባቸው ዝም ብላ ትቀመጣለች። ያ ዓመት ሁሉ በሩጫ ያለፈብኝ ልጅ፣ ሰው እንደዚያ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

የቦርድ ፈተናውን አለፍኩ፤ ውጤቴ ግን እናቴ የተመኘችው ዓይነት አልነበረም። ኢንጂነር እንድሆን ነበር ሐሳቧ። የንግግር ሕክምና እንደምማር ስነግራት «እሱ ደግሞ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?» አለች፤ ከዚያ ያቺን ቀን አስታወሰች መሰለኝ አልተከራከረችኝም። አርጁን በጸደይ ሄደ። አልፎ አልፎ እንጻጻፋለን። ስለ ውድድሩ አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም።

ይኸው ዛሬ እዚያው አሌክሳንድሪያ እሠራለሁ። ከምረዳቸው በሽተኞች ብዙዎቹ ሐበሾች ናቸው። ታክሲ የነዱ፣ ምግብ ቤት ያቆሙ፣ አየር ማረፊያ ሻንጣ የጫኑ። ቤተሰባቸውን «መጀመሪያ ምን አያችሁ?» ስል የሚሰጡኝ መልስ አይለያይም። «ደክሟቸው ነው ብለን ነው እኮ፤ ሁልጊዜ ይደክማቸዋል።» እኔ አልፈርድባቸውም፤ እኔም መኪናው ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እናንተ ይህን የምታነቡ ግን፣ እባካችሁ፣ አብሯችሁ የሚኖረው ሰው «ደክሞኝ ነው» ሲላችሁ ቀና ብላችሁ ፊቱን እዩት። አባት ቢሆን፣ አለቃ ቢሆን፣ አስተማሪ ቢሆን አትፈሩት። ተሳስታችሁ ብትገኙ የምታጡት ነገር ትንሽ እፍረት ነው።

እኔም ባለፈው ክረምት ተሳስቼ ተገኝቻለሁ። እናቴ ከቤቷ ኮል አድርጋኝ ስናወራ ድምፅዋ ወፍሮ ተሰማኝ። «ምንም አይደል፣ ደክሞኝ ነው» አለች። ፎልስ ቸርች ገበያ ላይ ነበርኩ፤ የያዝኩትን ጋሪ መደርደሪያው አጠገብ ትቼ ሲልቨር ስፕሪንግ በረርኩ። በሩን ከፍታ «ምነው? ማን ሞተ?» አለችኝ። መረመርኳት፤ ክንዷን አስነሣኋት፤ አናገርኳት። ጤነኛ ናት። ከእንቅልፏ ተነሥታ ስለነበር ነው ድምፅዋ የወፈረው።

«አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ብለሽ ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። ቁጣዋ ብዙም አልቆየም፤ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች። እኔም እግሯ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ግን እማ» አልኳት፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚደክምሽ?»

ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። በስንት ዓመታችን ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። እኔ አልቸኮልኩም። መጠበቅ ሥራዬ ነው።

ከዚያ እናቴ መናገር ጀመረች።